ምርጫ የሚጠፋው በምርጫው ቀን አይደለም

ከሁለት እጩዎች አንዱን ምረጥ የተባለ ሰው ሁለቱንም ያልወደደ እንደ ሆነ፥ ችግሩ በዚያው ቀን የመጣበት ይመስለዋል፤ ነገሩን ከሥሩ ለመረመረው ግን እንዲህ አይደለም።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ የጥንቱን ሥርዓት ከሚወዱት የሪፐብሊካን ወገን መራጮች ብዙዎቹ አዝነው ነበር። የሂላሪ ክሊንተን አሳብ ከእምነታቸው ጋራ አልገጠመም፤ የዶናልድ ትራምፕም ጠባይና አነጋገር ኅሊናቸውን አስጨነቀው። ከዚሁ ወገን ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆርጅ ዳብልዩ ቡሽ እንኳ ለፕሬዚዳንትነት ለማንም ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ፤ በዩታ ክፍለ አገርም ከአምስት መራጮች አንዱ ድምፁን ለኤቫን ማክመለን ሰጠ።

ኀዘናቸው እውነተኛ ነው፤ ዳሩ ግን ነገሩ አስቀድሞ ተቈርጦ ነበር። ለፓርቲው እጩነት የተነሡት ታላላቅ ተወዳዳሪዎች 17 ነበሩ። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ 20 ቀን በሳውዝ ካሮላይና ትራምፕ ከመቶ 33 የማይሞላ ድምፅ አግኝተው፥ በክፍለ አገሩ ደንብ መሠረት 50ውን የጉባኤ መልእክተኞች ሁሉ ወሰዱ፤ ሌላ ሰው የመረጡት ከመቶ 67 የሚበልጡት ግን በአምስት ተወዳዳሪዎች ተከፋፍለው አንድ መልእክተኛ እንኳ ሳያገኙ ቀሩ።

እንግዲህ ድምፅን መንሣት ኅሊናን ያሳርፍ ይሆናል እንጂ የተሻለ እጩ አያስገኝም። በአሳብ አንድ ሆኖ ሳለ በሰው የተለያየ ወገን፥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባልበት፥ መተባበር የሚገባው ከመጀመሪያው ነው።