ለማልታ ደሴት የስምንት ቀን ስንቅ

የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው የሜዲቴራኒያንን ባሕር ሳያየው ያውቀዋል። ቆጵሮስ፣ ቀርጤስ፣ ሩድ ተብለው የተጠሩት ደሴቶች ዛሬም በየስፍራቸው ናቸው። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ለእንግዳ መልካም ስም ያላት መላጥያ ናት፤ ይኸውም ዛሬ ማልታ የምንላት ደሴት ናት። ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ ከ275 መንገደኞች ጋር ወደ ዳርቻዋ በወጣ ጊዜ የአገሩ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሉት፤ ሦስት ወርም ተቀመጠባት፤ ሲሄድም የሚያስፈልገውን ስንቅ ጫኑለት። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ዛሬ ወደዚያች ደሴት ቢሻገሩ እንዲህ ያለውን መስተንግዶ አይጠብቁ። ስንቅዎን ራስዎ ቈጥረው ይዘው ይሂዱ።

ይህን የምጽፈው ይልቁንም በነፃ ትምህርት ዕድል አውሮፓ ለሚገኝ ተማሪና፣ ከመሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ተልኮ ከውሎ አበሉ ጥቂት ላጠራቀመ ጀማሪ ሠራተኛ ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለሚነሣውም ኋላ ጥቂት ቃል አለኝ።

በኢጣሊያ የሚማር አንድ ወዳጄ ባንድ ወቅት እጅግ ርካሽ የአይሮፕላን ቲኬት አግኝቶ ወደ ማልታ ሄደ። ቲኬቱ ርካሽ የሆነው አይሮፕላኑ ሌሊት ስለሚያርፍና ሲመለስም ጎሕ ሳይቀድ ስለሚነሣ ነበር። ሲደርስ አውቶቡስ በማጣቱ ለታክሲ ከፈለ። የመጀመሪያውን ሌሊት ግማሹን ብቻ ለተኛበት አልጋ ሙሉ ዋጋ ከፈለ። ሲመለስ ደግሞ በር ላይ ሻንጣውን በብረት ሣጥን ለክተው «ይህ ያልፋል» አሉትና ለሻንጣው ከራሱ የመሄጃ ዋጋ የበለጠ አስከፈሉት። ወሩ እስኪደርስ ድረስ ከጓደኞቹ ተበድሮ፣ ሦስት ሳምንት ዳቦና ሻይ እየቀመሰ ፈተናውን ተቀመጠ። ባሕሩን ሲያነሡበት እስከ ዛሬ ፊቱ ይጠቍራል። እንግዲህ የቲኬት ዋጋ ማለት በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም። ከቤትዎ ተነሥተው አልጋዎ ላይ ጋደም እስኪሉ የሚወጣው ሁሉ የቲኬቱ ዋጋ ነው። በቀን የሚያርፍና ሻንጣ የሚጨምር ቲኬት 20 ወይም 30 ዩሮ ቢበልጥም ብዙ ጊዜ የሚረክሰው እርሱ ነው። ለሲሲልያ ቅርብ የሆነ ሰው ከፖዛሎ ወደብ በፈጣን መርከብ በሁለት ሰዓት ገደማ መሻገር ስለሚችል ሁለቱን መንገዶች ያመዛዝን።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያንሡ። 500 ዩሮ አለዎት እንበል፤ ሰባት ሌሊት ሊያድሩ አስበዋል። ደርሶ መልስ ቲኬቱ ከነሻንጣው 110 ዩሮ፣ በወጣቶች ማደሪያ አንድ አልጋ በሌሊት 25 ዩሮ፣ ለሰባቱ 175 ዩሮ ይሁን። እነዚህን ሁለቱን ለምሳሌ ያህል ገመትሁ እንጂ እንደ ወራቱ ከፍም ዝቅም ይላሉ። የሰባት ቀን የአውቶቡስ ካርድ 25 ዩሮ ነው። ጎዞ ወደምትባለው ታናሽ እኅት ደሴት ተሻግሮ ለመመለስ 4 ዩሮ ከ65 ሳንቲም ይከፈላል። ድምሩ 314 ዩሮ ከ65 ሳንቲም ሆነ። ከቀረው ላይ 60 ዩሮ አንሥተው በፖስታ ያሽጉና ከሻንጣው ሥር ይክተቱት። እርሱ የሕመምና ያመለጠ አይሮፕላን ገንዘብ ስለሆነ እንደሌለ ይቍጠሩት። በእጅዎ የሚቀረው 125 ዩሮ ከ35 ሳንቲም ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰባት ሌሊት ብሎ ስለጀመረ ለሰባት ያካፍልና በቀን 18 ዩሮ ገደማ ደረሰኝ ብሎ ይደሰታል። ሰባት ሌሊት ግን ስምንት ቀን ነው። አልጋ የሚቈጠረው በሌሊት ነው፤ ሆድ ግን የሚቈጥረው በቀን ነው። ለሰባት ያካፈለ ሰው በስምንተኛው ቀን፣ ያውም መንገድ በሚወጣበት ቀን፣ ያለ ምሳ አይሮፕላን ማረፊያ ላይ ተቀምጦ ሌላው ሲበላ ያያል። ስለዚህ ለስምንት ያካፍሉ፤ በቀን 15 ዩሮ ከ67 ሳንቲም ይሆናል።

ይህም ገና አላለቀም። ቫሌታ ከተማ ውስጥ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል አለ። በውስጡም ካራቫጆ በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት ሲቈረጥ የሚያሳይ ሥዕል ይገኛል፤ ሠዓሊው ስሙን የጻፈበት ብቸኛ ሥራው እርሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) ይህን ስጽፍ መግቢያው 15 ዩሮ ነው፤ ማለት የአንድ ቀን ጠቅላላ ገንዘብዎ በአንድ በር ይገባል። አንዳንዱ በሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ ይውልና ሳይገባ ይመለሳል፤ አንዳንዱም ሳያስብ ገብቶ እራቱን ያጣል። እኔ ግቡ ባይ ነኝ። ነገር ግን 15 ዩሮውን ገና ከቤት ሳይወጡ ይቀንሱ፤ የቀን ድርሻዎ 13 ዩሮ ከ79 ሳንቲም ይሆናል። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ሲቆሙ ሥዕሉን እንጂ ኪስዎን አያስቡም።

በ13 ዩሮ ከ79 ሳንቲም ይኖራል ወይ? ይኖራል፣ ነገር ግን በምግብ ቤት አይደለም። በባሕሩ ዳር ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ አንድ ሳሕን ብቻውን ይህን ያህል ወይም ከዚህ በላይ ሊያስከፍል ይችላል። ማድ ቤት ያለው ማደሪያ ይምረጡ። ማልቶች ራሳቸው ዳቦውን በወይራ ዘይትና በቲማቲም አርሰው ከቱና ዓሣ ጋር ይበሉታል፤ የዚህን ዕቃ ሁሉ ከመደብር በጥቂት ገንዘብ መግዛት ይቻላል። ፓስቲትሲ የሚሉት፣ አይብ ወይም የተፈጨ አተር በውስጡ ያለው ትኩስ ሊጥ ደግሞ አንድ ዩሮ እንኳ ሳይሞላ የተማሪን ሆድ እስከ ከሰዓት ይይዛል። የአተሩን አይቶ የጾም ነው ብሎ የሚገዛ አለ፤ ሊጡ አንዳንድ ጊዜ በእንስሳ ስብ ስለሚታሽ ጿሚ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሽሮና በርበሬ በትንሽ ከረጢት መያዝም አያሳፍርም፤ አንድ ማንኪያ ሽሮ ባንድ እራት ብዙ ዩሮ ያድናል። ከአገር ቤት በቀጥታ የሚመጣ ሰው ግን ቅቤና ቋንታ አይያዝ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በመንገደኛ እጅ እንዲገባ አይፈቀድም፤ ጉምሩክ ቢያገኘው ይወስደዋል።

ውኃን በተመለከተ የቧንቧው አብዛኛው ከባሕር ጨው ተለይቶ የተጣራ ነው፤ ጣዕሙ ደስ ባይልም አይጐዳም። በጠርሙስ ከገዙ ደግሞ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ 10 ሳንቲም መያዣ ይከፈላል፤ ጠርሙሱን ለመረከቢያው መኪና ሲመልሱ ያገኙታል። ያገራችን ሰው የለስላሳ ጠርሙስ መያዣ ስለሚያውቅ ይህ አይከብደውም።

ስለ መጓጓዣ ብዙ አልልም። ደሴቲቱ ከዳር እስከ ዳር 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መኪና መከራየት ገንዘብ መበተን ነው፤ ያውም የሚነዳው በግራ በኩል ነው። በእነርሱ በጋ አንድ የአውቶቡስ ጉዞ 2 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ስለሚያስከፍል በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሳፈር ሰው እንኳ በሳምንት 35 ዩሮ ያወጣል፤ የ25ቱ ካርድ ለዚህ ነው። በአውቶቡሱ ግንባር የሚጻፉትን የቦታ ስሞችም ልብ ብለው ያንብቡ። የማልታ ቋንቋ የሴም ዘር ስለሆነ «ራስ» እና «ዓይን» የሚሉትን ቃላት ያገኙባቸዋል፤ ዓይን ቱፊሓ የተባለው የባሕር ዳርቻ ስሙን ያገኘው እኛም የውኃ ዓይን ከምንለው ምንጭ ነው። ይህ ደስታ ነፃ ነው። ከላይኛው የባራካ አትክልት ስፍራ ሆኖ ታላቁን ወደብ ማየትና የእኩለ ቀኑን መድፍ መስማትም እንዲሁ ነፃ ነው።

የሶኬቱ ነገር እንዳይረሳ። በማልታ ያለው እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት እግር ነው፤ ከኢጣሊያ የሚመጣው መሰኪያ አይገባበትም። መቀየሪያውን አስቀድመው ይዋሱ።

ወራቱን ለመምረጥ ዕድል ካለዎት ነሐሴን ይሽሹ። በኦገስት 15 የእመቤታችን በዓል አገሩ ሁሉ ይሞላል፤ አልጋው ይወደዳል፤ ፀሐዩም ያቃጥላል። የመስከረም መጨረሻና ጥቅምት ይሻላል፤ ባሕሩ ሙቀቱን ገና አልለቀቀም፣ የአልጋውም ዋጋ ዝቅ ማለት ይጀምራል።

ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው የምለው ይህ ነው። ማልታ ከ2007 ጀምሮ በሼንገን ማኅበር ውስጥ ስለሆነች ቪዛው የሼንገን ነው። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ክፍያው 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ መመርመሪያውን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አርዝሞታል። ስለዚህ የዓመት ፈቃድዎን ከአለቃዎ ሳይጠይቁ በፊት እነዚያን 45 ቀናት ይቍጠሩ፤ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬትም ቪዛው ሳይመታ አይግዙ። ሒሳብዎን በብር ሳይሆን በዩሮ ይያዙ። ከሐምሌ 2024 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ በብር የጻፉት በጀት ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ሊሆን ይችላል። በዚያም በካርድ ሲከፍሉ መኪናው በየትኛው ገንዘብ ልቀንስ ብሎ ከጠየቀዎ ዩሮ ይበሉ፤ ሌላውን ከመረጡ ምንዛሪውን በራሱ ዋጋ ቈርጦ ያስከፍልዎታል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወደ ጎዞ ሲሻገሩ ቺርኬዋ ወደብ ላይ ቲኬት የሚጠይቅዎ የለም፤ ዝም ብለው ይሳፈራሉ። ይህን አይቶ መርከቡ በነፃ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ጎዞ ላይ ያለውን በአይስክሬም ይጨርሳል። የሚከፈለው ሲመለሱ ነውና 4 ዩሮ ከ65 ሳንቲሙን በሸሚዝዎ ኪስ ለብቻው ይያዙት።