ስለ ታይሮይድ ድካምና አብሮት ስለሚኖረው የልብ ጭንቀት

በዚህ በቤተሰብ ገጽ ስለ ምግብ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ንጽሕና በየጊዜው እንጽፋለን። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ውስጥ ሳለ በስሙ ስለማይጠራ አንድ ደዌ ለመናገር አስበናል፤ ይኸውም ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢ ሥራው በደከመበት ሰው ላይ የሚደርሰው የልብ ጭንቀት ነው። መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ማለት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እንቅርት የሚባለውም ይኸው ዕጢ ሲያብጥ ስለ ሆነ፥ ተረቱ ዛሬ ለያዝነው ነገር እጅግ የተስማማ ሆኖ አግኝተነዋል።

ዕጢው በአንገት ፊት ለፊት ከማንቁርት በታች ይገኛል፤ መልኩ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል፥ ክብደቱም 20 ግራም ያህል ነው። እንዲህ ትንሽ ሲሆን ከእርሱ ወደ ደም የሚገባው ሆርሞን የሰውነትን ሙቀት፥ የልብን አመታት፥ የአንጀትን ሥራና የአእምሮን ንቃት ይገዛል። ሆርሞኑ ያነሰ እንደ ሆነ ሌላው ሳይበርደው የታመመውን ሰው ይበርደዋል፤ ያለ ሥራ ይደክመዋል፤ ቆዳው ይሻክራል፥ ጠጉሩ ይሳሳል፥ ሆዱ ይደርቃል፥ አበላሉ ሳይጨምር ሰውነቱ ይከብዳል፥ የሰማውንም ነገር ቶሎ ይረሳል። ደዌው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ እጅግ ይበዛል።

ስለ ምክንያቱ በአጭር ቃል እንናገራለን። የደጋ አፈር ብዙ ዘመን በዝናም ስለ ታጠበ አዮዲን ያንሰዋል፤ አዮዲን ያጣ ዕጢም ሥራውን መሥራት አይችልም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ለምግብ የሚሆነው ጨው አዮዲን እንዲገባበት በ2003 ዓ.ም. በደንብ ታዝዟል። አዮዲን በበቃበት ቦታ ግን አብዝቶ የሚገኘው ምክንያት፥ ሰውነት የራሱን ዕጢ እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲወጋው ነው፤ ይህንን ጃፓናዊው ሐኪም ሐካሩ ሐሺሞቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1912 ስለ ጻፈ ደዌው በስሙ ይጠራል።

የዚህ ዕጢ መድከም አእምሮንም እንደሚነካ ሐኪሞች ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኗል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 አንድ የለንደን የሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መግለጫ፥ ከሕመምተኞቹ እኩሌታ በሚያህሉት ላይ የአእምሮ መታወክ እንደ ታየ ጽፎ ነበር። በ1949 ደግሞ ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አእምሮአቸው የታወከ 14 ሰዎች ሕመማቸው ከዚህ ዕጢ የመጣ እንደ ነበረ ገለጠ፤ ከእነርሱም የሚበዙት የዕጢው መድኃኒት በተሰጣቸው ጊዜ ዳኑ። እንዲህ ያለው ከባድ ነገር ዛሬ እምብዛም አይታይም። የሚታየው ቀስ ብሎ የሚገባው ጭንቀት ነው።

በመሥሪያ ቤት ያለው ሰው ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል፤ ስለዚህ አለቃው ባስጠራው ቍጥር ልቡ ይደነግጣል። እመቤቲቱም እንግዳ ይመጣል በተባለ ጊዜ ድካሟን አስባ አስቀድማ ትጨነቃለች፥ ሌሊቱንም ሳትተኛ ታድራለች። ቤተ ዘመድ ግን ሰነፈ፥ ፈሪ ሆነ፥ ጠባይዋ ተለወጠ ብሎ ይፈርዳል። እኛ ከደዌው ይልቅ ይህን ፍርድ እንፈራዋለን፤ የታመመው ሰው ሲደጋገምበት እውነት መስሎት ይቀበለዋልና።

ጭንቀቱ የሚገባበት በር አንድ ብቻ አይደለም። ከዕጢው ድካም የሚመጣው ጭንቀት መድኃኒቱ ሲወሰድ ይቀላል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው። ሊቮታይሮክሲን የሚባለው ክኒን ወደ ደም ከገባ በኋላ እኩሌታው ለመውጣት 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ሐኪሙም መጠኑ የተስማማ መሆኑን በደም ምርመራ የሚያውቀው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከቈየ በኋላ ነው። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በዐሥረኛው ቀን ለውጥ አላየሁም ብለው አንዱን ክኒን ሁለት ያደርጉታል። ይህ ክኒን የሚመዘነው በማይክሮግራም ሲሆን አንድ ግራም 1,000,000 ማይክሮግራም ነው፤ በእንዲህ ያለ ጥቂት መጠን ላይ በግምት መጨመር ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውለው።

መጠኑ የበዛ እንደ ሆነ ልብ በኀይል ይመታል፥ እጅ ይንቀጠቀጣል፥ ላብ ያጠምቃል፥ እንቅልፍ ይጠፋል። ይህ ሁሉ በመልኩ ጭንቀትን ስለሚመስል፥ ሰውዬው ደዌው የባሰበት መስሎት ሌላ ክኒን ይጨምራል። እንዲህ ሆኖ የቈየ ሰው የልቡ አመታት ሊዛባ፥ አጥንቱም ሊሳሳ ይችላል። እንዲሁም ደሙ ተመርምሮ ተስተካክሏል ከተባለ በኋላ ጭንቀቱ ያልለቀቀው ሰው አለ። ይህ ሰው ውሸታም አይደለም። ጭንቀት በራሱ ደዌ ነውና የራሱ ሕክምና አለው፤ ከአእምሮ ሐኪም ጋራ በየጊዜው መነጋገር፥ አስፈላጊም ሲሆን ለእርሱ የተለየ መድኃኒት መውሰድ ነው። ወደ አእምሮ ሐኪም መሄድን እንደ ነውር የሚቈጥሩ ሰዎች፥ ለጥርስ ሕመም ወደ ጥርስ ሐኪም ሲሄዱ አያፍሩም።

አሁን ስለ ቤት ልማድ እንናገር። ክኒኑ የሚዋጠው በባዶ ሆድ፥ በንጹሕ ውኃ፥ ከቁርስ 30 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት አስቀድሞ ነው። ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያሰናክላልና ቢያንስ አንድ ሰዓት መቈየት ይገባዋል። ልብ ለሚመታበት ሰው ደግሞ ከአቦል በኋላ ቶናና በረካ ባይከተሉ ይሻላል፤ የቡና ወዳጆች በዚህ ምክራችን እንደሚያዝኑብን እናውቃለን። የብረትና የካልሲየም ክኒን የሚወስድ ሰው በመካከሉ 4 ሰዓት ያስቈይ። በጾም ጊዜ ጧት መዋጥ የማይመቸው ሰው ሐኪሙን አማክሮ ማታ ከበላ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሊውጠው ይችላል። ወደ ጠበል የሚሄድ ሰውም ክኒኑን ይዞ ይሂድ እንጂ በቤት ትቶት አይሂድ፤ ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም፥ ክኒኑን በመተው ግን ደዌው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። የፀነሰች ሴት ደግሞ የሚያስፈልጋት መጠን ስለሚጨምር ሳትዘገይ ለሐኪሟ ትንገር።

ጭንቀቱ በድንገት በተነሣ ጊዜ ተቀምጦ አየርን በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፥ ከሳቡትም ይልቅ አርዝሞ መልቀቅ፥ ይህንንም ለጥቂት ደቂቃ መደጋገም የልብን ሩጫ ያበርዳል። በየቀኑ በእግር መሄድና በተወሰነ ሰዓት መተኛትም ይረዳል። አጠገቡ ያለው ሰው «አይዞህ፥ ምንም የለብህም» ከማለት ይልቅ «ክኒኑን መቼ ዋጥህ? ሌሊቱን ተኝተሃል?» ብሎ ቢጠይቀው ይበልጥ ይጠቅመዋል። ደረቱን ያመመው፥ ልቡ እየዘለለ የሚመታበት ወይም አእምሮው ደንዝዞ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሰው ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሞትን የሚመኝ ሰው ለብቻው አይተው።

በመጨረሻም አንዲት ትንሽ ደብተር ከአልጋው አጠገብ ትቀመጥ። ክኒኑ የተዋጠበት ሰዓት፥ ጭንቀቱ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፥ የጠጡት ቡና፥ ጧት ከመነሣት በፊት በአንድ ደቂቃ የተቈጠረው የደም ሥር ትርታ ይጻፍባት። ያረፈ ሰው ትርታ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው፤ ከ100 በላይ የሚደጋገም ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ለሐኪሙ ማሳየት ይገባል። ሐኪሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሚሰማው ቃል ይልቅ የሁለት ወር ደብተር አንብቦ፥ ጭንቀቱ ከክኒኑ መብዛት ወይም ከማነሱ፥ ወይም ከሌላ ነገር የመጣ መሆኑን ለመለየት ይቀለዋል።