ዳኛ የሚመርጥ እድር ገዢውን በዜና አይስማ
በመጪው ምርጫና በፓርቲዎች የዕጩ አመራረጥ ላይ ከአማኑኤል እድሮች የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ በማቻክል ወረዳ አማኑኤል ከተማ የምንገኝ የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና የአባላት ተወካዮች በ2018 ዓ.ም. እንዲካሄድ በታቀደው 7ኛው አገር አቀፍ ምርጫ ላይ ተሰብስበን ከመከርን በኋላ ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል። እድር የፖለቲካ ድርጅት አይደለም፤ እንዲሆንም አንፈልግም። በአንድ ድንኳን ሥር አንዱን ፓርቲ የሚደግፍ፣ ሌላውን የሚደግፍና ወሬው ሲነሳ ጋቢውን ተከናንቦ ዝም የሚል ሰው ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ስለዚህ ማን ይመረጥ አንልም። የምንናገረው ስለ አመራረጡ ነው።

በስብሰባችን ላይ አንድ አዛውንት አባላችን ተነስተው «የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር የምንመርጠው በየትኛው ወረቀት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለት ወረቀት ተሰጥቶ ነበር፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት። ሦስተኛ ወረቀት አልነበረም፤ ዘንድሮም የለም። የአገራችን ሥርዓት ፓርላሜንታዊ በመሆኑ ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው ደግሞ አብላጫ ወንበር የያዘው ፓርቲ ነው። እንግዲህ የአማራን ክልል ማን እንደሚመራ የሚወሰነው ፓርቲው ዕጩዎቹንና መሪዎቹን በሚለይበት ክፍል ውስጥ ነው ማለት ነው። ወደዚያ ክፍል እኛ ገብተን አናውቅም።

ያለፉትን ዓመታት ቆጥረን አየን። ግንቦት 2007 በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን 547 ወንበሮች በሙሉ ወሰዱ፤ በክልላችን ምክር ቤትም ተቃዋሚ የሚባል አልነበረም። ያ የክልል ምክር ቤት ዕድሜው ተራዝሞ እስከ 2013 ሲዘልቅ ርዕሰ መስተዳድሩን አቶ ገዱ አንዳርጋቸውን በ2011 አሰናብቶ ዶክተር አምባቸው መኮንንን ሾመ። ዶክተር አምባቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ ተገደሉ፤ በተከታዩ ወር አቶ ተመስገን ጥሩነህ ተተኩ። በአንድ ዓመት ሦስት መሪ አየን። በ2013 መጀመሪያ አቶ አገኘሁ ተሻገር መጡ። ሰኔ 2013 ተሰልፈን ድምፅ ስንሰጥ ርዕሰ መስተዳድሩ እሳቸው ነበሩ፤ መስከረም 2014 አዲሱ ምክር ቤት ዶክተር ይልቃል ከፋለን ሰየመ። ነሐሴ 2015 ደግሞ አቶ አረጋ ከበደ ተሾሙ። ከ2011 እስከ 2015 አምስት ሹመት፤ የሕዝብ ድምፅ ግን አንድ ጊዜ። ሕግ ተጥሷል አላልንም፤ ምክር ቤቱ ሥልጣኑ ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ማንንም «እሱ ይሁን» ብለን አልላክንም፤ ሲሄዱም ለምን እንደሄዱ ፊት ለፊት የነገረን የለም። ሁሉንም ከቴሌቪዥን ሰማን።

ይህን ከራሳችን ልማድ ጋር ማስተያየት ግድ ሆነብን። አንዱ እድራችን አዲስ ዳኛ ሲመርጥ ሦስት ሰው ተጠቁሞ ነበር። በደንባችን መሠረት ተጠቋሚዎቹ ከቤት ወጥተው ባሕር ዛፉ ሥር እንዲቆሙ ተደረገና አባላቱ በስማቸው ተወያዩ። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ ከተጠቋሚዎቹ አንዱ ቀድሞ ንብረት ያዥ ሳሉ ሁለት ትልልቅ ድስትና አሥራ አንድ ወንበር እንዴት እንደጎደለ ይንገሩን አሉ። ሰውየው ተጠርተው ገቡ፤ ድስቶቹ ለየትኛው ለቅሶ እንደወጡና ማን እንዳልመለሰ ተናገሩ፤ ወንበሮቹን ግን ማስረዳት አልቻሉም። አልተመረጡም። ዛሬም አባላችን ናቸው፤ ለቅሶ ሲኖር ከማንም ቀድመው ይደርሳሉ። ለአሥራ አንድ ወንበር ይህን ያህል የሚጠይቅ ሕዝብ፣ በ2015 መኸር ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ከመጋዘን መጋዘን ሲንከራተት የሚጠይቀውን ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው አይገባም?

በእኛ በጎጃም ገዢ በድምፅ ተለውጦ አያውቅም፤ በሌላ መንገድ ግን ተለውጧል። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ሲወጣ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ሊለካ ነው ብሎ ሸፈተ፤ በጠቅላይ ግዛቱ ገዢ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይ የነበረው ምሬትም ተጨመረበት። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ገዢውን አነሱ፤ ውዝፍ ግብሩንም ማሩ። አቤቱታ ይዞ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሽማግሌ ያላገኘውን ጠመንጃ አስገኘው። ይህን የምናነሳው ለማወደስ አይደለም። ገዢን በሰላም የሚለውጥበት በር ያጣ ሕዝብ ወዴት እንደሚሄድ አያቶቻችን አይተውታል፤ እኛም እያየነው ነው።

በጎረቤት ኬንያ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ 47ቱ አውራጃዎች ገዢያቸውን በቀጥታ ድምፅ ይመርጣሉ። በናይጄሪያ የ2022 እ.ኤ.አ. የምርጫ ሕግ ፓርቲዎች ዕጩ የሚለዩባቸውን ሦስት መንገዶች ደንግጎ ነበር፦ አባላት ሁሉ በቀጥታ ድምፅ ሲሰጡ፣ በተወካዮቻቸው ሲመርጡ፣ አለዚያም የቀሩት ተፎካካሪዎች ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ሰጥተው በአንድ ሰው ሲስማሙ። በሁለቱም አገሮች የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ጭቅጭቅና የገንዘብ ሐሜት አላጣውም። ቢሆንም ጭቅጭቁ አደባባይ ላይ ነው፤ ሰው ይሰማዋል። የእኛ አገር ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 38 በፖለቲካ ድርጅት ውስጥ ለኃላፊነት ቦታ የሚደረግ ምርጫ ነጻና ዴሞክራሲያዊ ይሁን ይላል። ለምክር ቤት የሚቀርብን ዕጩ በስሙ ባይጠራም መንፈሱ ይደርሰዋል ብለን እናምናለን።

በመሆኑም የሚከተለውን አቋም ይዘናል።

በክልላችን የሚወዳደር ማንኛውም ፓርቲ፣ ገዢውም ሆነ ተፎካካሪው፣ ምክር ቤቱን ቢያሸንፍ ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ የሚያቀርበውን ሰው ስም ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ለሕዝብ ያሳውቅ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ ፈቃድ ብቻ ይበቃል። በመካከሉ መሪ የሚለወጥ ከሆነም ምክንያቱ በምክር ቤቱ ክፍት ስብሰባ ላይ ይነገር፤ ተሿሚውም ከመሾሙ በፊት ይጠየቅ።

ፓርቲዎች የዕጩዎቻቸውን ዝርዝር ለምርጫ ቦርድ ከማስገባታቸው በፊት በየምርጫ ክልሉ ለአባሎቻቸው በምስጢር ድምፅ ያቅርቡ፤ አባል ላልሆነውም ሕዝብ በአዳራሽ ያስተዋውቁ። ስሙ ከዞን ተጽፎ የመጣ፣ የማቻክልን ገበያ በመኪና መስኮት ብቻ የሚያውቅ ሰው «የእናንተ ዕጩ» ተብሎ አይላክብን። በዚህ ረገድ ሴቶችን በዝርዝሩ ጭራ ላይ መለጠፍ መቅረት አለበት፤ እድራችንን ችግር በመጣ ቁጥር ያቆሙት እነማን እንደሆኑ እናውቃለን።

ርዕሰ መስተዳድሩ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጥ በሚለው ላይ አልተስማማንም። ገሚሶቻችን ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ እንደ ኬንያ ይሁን አሉ። የቀሩት ደግሞ በቀጥታ የተመረጠ ሰው ምክር ቤቱን ይንቃል፣ ንጉሥ ይሆንብናል ሲሉ ሰጉ። ልዩነቱን ሳንደብቅ በቃለ ጉባኤ ይዘነዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የጸጥታው ነገር ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአሥር ወር በኋላ ቢያበቃም በክልላችን በመንግሥትና በታጣቂዎች መካከል ያለው ግጭት አላበቃም። ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ግን በሽተኛም አያልፍም። መራጭ ከቤቱ እስከ ምርጫ ጣቢያው ድረስ በሰላም ሄዶ መመለስ በማይችልበት ቀበሌ፣ ጣቱን ቀለም በማስነከሩ ከየትኛውም ወገን ቅጣት በሚፈራበት ቦታ የሚሰበሰብ ድምፅ የዚያ ሕዝብ ድምፅ ተብሎ እንዳይቆጠርብን። መንግሥትም ሆነ መሣሪያ ያነሱ ወገኖች ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጡ እንጠይቃለን። ምርጫ ቦርድ ድምፅ የማይሰጥባቸውን ቦታዎች ከነምክንያታቸው አስቀድሞ በይፋ ያሳውቅ፤ ሰላም ሲሆንም የተራዘመው ምርጫ የሚደረግበትን ቀን ይቁረጥ።

ስለ ራሳችንም እንወስን። ድንኳናችን፣ ወንበራችንና ጥሩምባችን ለየትኛውም ፓርቲ ቅስቀሳ በኪራይም በውሰትም አይወጡም። የአባላት መዝገብ ለማንም ካድሬ አይገለበጥም። ዳኛ ወይም ጸሐፊ ሆኖ ለምክር ቤት ዕጩ የሚሆን ሰው በመጀመሪያ ከእድር ኃላፊነቱ ይልቀቅ፤ ከአባልነቱ ግን ማንም አይነካውም። ምክር ቤት ለመግባት የሚፈልጉ ዕጩዎች ከየትኛውም ፓርቲ ቢሆኑ፣ የግልም ቢሆኑ፣ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ እኩል ሰዓት ተሰጥቷቸው እንዲጠየቁ እንፈቅዳለን። የምግብና የመጠጥ ወጪ ዕጩው እንዲችል አንፈቅድም፤ ቡናውን እኛው እናፈላለን።

ይህ መግለጫ ለሚመለከታቸው ፓርቲዎችና ለምርጫ ቦርድ በጽሑፍ ይደርሳል። መልስ የሚሰጥ ፓርቲ ካለ ምላሹን እንደወረደ ለአባሎቻችን እናነባለን፤ ያልመለሰውንም ስሙን ጠርተን አልመለሰም እንላለን።