ሳይፈተኑ ደጋን ማንሣት የለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ፊልም አሳየን። ጥሩር የለበሱ፣ የራስ ቁር የደፉ ፈረንጆች በሰፊ መስክ ላይ በሁለት ጎራ ተሰልፈው ይጋጠማሉ። ከኋላ ያሉት ደጋን ስበው ፍላጻ ይለቃሉ። ፍላጻ ያገኘው ሰው «ሞቻለሁ» ብሎ ከመስኩ ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጩኸት ተሰማ፤ ያ ሁሉ ሰው ባለበት ቀጥ አለ። ለካስ የአንዱ የራስ ቁር ማሰሪያ ተፈትቶ ኖሯል። እስኪታሰር ድረስ ጦሩ በሙሉ ቆሞ ጠበቀ።

ግማሾቻችን ሳቅን። «ጨዋታ እንዲህ በሕግ ከታጠረ ምኑን ጨዋታ ሆነ?» ያሉም ነበሩ። ክርክሩ መብራት ከጠፋ በኋላም አልበረደም። እኛ፣ ይህን የምንጽፈው፣ ሕጉን ደግፈን የተከራከርነው ወገኖች ነን። ነገሩ የሩቅ አገር ጨዋታ ቢመስልም እጩ መምህራንን በቀጥታ ስለሚመለከት ሐሳባችንን በዚህ ግድግዳ ላይ ለማስፈር ወደናል።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደሆነ እናስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ከተማ ውስጥ ጥቂት ሰዎች በአንድ ቤት ጓሮ ተሰብስበው የመካከለኛውን ዘመን የአውሮፓ የጦር ውድድር አስመስለው ተጫወቱ። ከዚያ ድግስ «ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም» የተባለው ማኅበር ተወለደ። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች አባላት አሉት። በፔንሲልቬንያ «ፔንሲክ» ብለው የሚጠሩትና በ1972 የተጀመረው የጨዋታ ጦርነታቸው ከ10,000 ሰው በላይ የሚሰበሰብበት ሆኗል። ሰይፋቸው ብረት ሳይሆን ራታን የተባለ ሸምበቆ መሰል እንጨት ነው። ፍላጻቸውም ስለት የለውም፤ ጫፉ ደነዝ ነው።

ታዲያ ስለት ከሌለው ይህ ሁሉ ሕግ ለምን አስፈለገ? መልሱን ታሪክ ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1403 በእንግሊዝ አገር በሽሩስበሪ ጦርነት ላይ የ16 ዓመቱ ልዑል ሄንሪ ፊቱን በፍላጻ ተመታ። ብረቱ ከአፍንጫው አጠገብ ገብቶ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ቀረ። ጆን ብራድሞር የተባለው ሐኪም ለዚሁ ብሎ ልዩ መንቀያ አሠርቶ አወጣለት፤ ቁስሉንም በማር አከመው። ልጁ ዳነና በኋላ ንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ ሆነ። ይኼ ጦርነት ነው እንበል። በጨዋታስ? እ.ኤ.አ. በ1559 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ፓሪስ ላይ፣ ለሰርግና ለሰላም በዓል በተዘጋጀ የፈረስ ግጥሚያ ላይ ሳለ የተሰበረ ጦር ስንጣሪ በራስ ቁሩ ቀዳዳ ገብቶ መታው። በ10ኛው ቀን ሞተ። ንጉሥነቱም፣ ጥሩሩም፣ የበዓሉ ደስታም አላዳነውም። ያጠፋው አንዲት ቀዳዳና አንዲት ስንጣሪ ናት።

የማኅበሩን ሕግ ስናይ እያንዳንዱ አንቀጽ እንዲህ ላለው አደጋ የተሰጠ መልስ ሆኖ አገኘነው።

አንደኛው የደጋኑ ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1545 የሰመጠችው «ሜሪ ሮዝ» የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከ130 የሚበልጡ ደጋኖች ተገኝተውባታል። ባለሙያዎች እንደገመቱት እነዚያን ለመሳብ ከ100 እስከ 185 ፓውንድ ኃይል ይጠይቅ ነበር፤ ትንሹ እንኳ 45 ኪሎ እንደማንሣት ነው። በጨዋታው መስክ ግን ደጋን 28 ኢንች ያህል ሲሳብ ኃይሉ ከ30 ፓውንድ ማለፍ የለበትም፤ ይኸውም ወደ 13 ኪሎ ተኩል ነው። ጉልበተኛ ነኝ ብሎ የበለጠ ይዞ መግባት የለም።

ሁለተኛው የፍላጻው ጫፍ ነው። በራስ ቁሩ ፊት ያሉት የብረት ዘንጎች የአንድ ኢንች ውፍረት ያለው ዱላ እንዳያሳልፉ ሆነው ይሠራሉ። የፍላጻው ደነዝ ጫፍ ደግሞ ከአንድ ኢንች ከሩብ ያላነሰ ስፋት ሊኖረው ይገባል። ልብ በሉ! ቀዳዳው ከጫፉ እንዲጠብ፣ ጫፉም ከቀዳዳው እንዲሰፋ በሁለቱም በኩል ተለክቷል። ነጥሮ የተመለሰ ፍላጻ በጭራው በኩል ዓይን እንዳይወጋ ለጭራው እንኳ ማገጃ ይደረግለታል። በ1559 የሞተው ንጉሥ ይህን ያህል የተጠነቀቀለት ቢኖር ኖሮ!

ሦስተኛው ምርመራ ነው። አንድ ጊዜ የተተኮሰ ፍላጻ ከመሬት ተነሥቶ ወዲያው አይተኮስም። የተሰነጠቀ ይሆናል፣ ጫፉ የላላ ይሆናል፣ ሰው ረግጦት ይሆናል። ታይቶና ተፈትሾ ነው ወደ ደጋን የሚመለሰው። ለዒላማ የሚሆን ሹል ፍላጻማ ወደ ግጥሚያው መስክ ጨርሶ አይገባም።

አራተኛው ያ ያሳቀን ጩኸት ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ቁም!» እንደማለት። «ቁም!» ሲባል ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ ማን እንዳለው፣ ለምን እንዳለው የሚጠየቀው በኋላ ነው። አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው ሊጮኽ ይችላል። የዛሬ ጀማሪ የጮኸው ጩኸት የአሥር ዓመት ተጫዋችን ያስቆማል።

ከሁሉ ይበልጥ የማረከን ግን የፈቃዱ ነገር ነው። ገንዘብ ስላለው፣ ደጋን ስለገዛ ወይም ስሙ ስለታወቀ ብቻ ማንም ቀስተኛ ሆኖ አይገባም። ሕጉን ማወቁን በጥያቄ፣ መሣሪያውን በፍተሻ፣ አያያዙን በተግባር ለሜዳው ኃላፊዎች ያስመሰክራል። በሰይፍ የታወቀ ጀግና እንኳ በሰይፍ ፈቃዱ ደጋን አያነሣም፤ ለደጋን እንደገና ይፈተናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ የለ አባቶቻችን! አንዱን ማወቅ ሌላውን ማወቅ አይደለም።

በክርክሩ ላይ ከተነሡት ተቃውሞዎች ሁለቱ ክብደት ነበራቸው። አንዱ ጓደኛችን «በ13 ኪሎ ደጋን የጥንቱ ጦርነት ምን እንደነበር አይታወቅም፤ ማስመሰል ብቻ ነው» አለ። እውነት አለው። ሆኖም የጥንቱን የደጋን ኃይል ማወቅ የፈለገ ዒላማ ላይ ይሳብ እንጂ የጓደኛው ፊት ላይ ምን አደረሰው? ሌላው ደግሞ «ፈቃድ ሰጪ ካለ አድልዎ አለ፤ ለወዳጁ ይሰጣል፣ ለሌላው ይነፍጋል» አለ። ይህም የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። መድኃኒቱ ግን ፈተናውን ማስቀረት ሳይሆን በሰው ፊት ማድረግ ነው። ሁሉም ያየው ፈተና ለማዳላት አይመችም።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብሎ የተከራከረንም አለ። እኛም እንስማማለን፤ በጨዋታ ላይ ጌታና ሎሌ የለም። ነገር ግን አይቆጡም ማለት አይጠነቀቁም ማለት አይደለም። እንዲያውም ጌታም ሎሌም እኩል የሚሆኑት አንድ ሕግ ሁለቱን ሲገዛ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው መንፈቅ በጦር ውርወራ ልምምድ ላይ የሆነውን የምናስታውስ ብዙ ነን። አንደኛው ጓደኛችን የተወረወረውን ጦር ሊያመጣ ሲሄድ ሌላው ሳያየው ወረወረ። ጦሩ ከልጁ እግር ሁለት እርምጃ ላይ ተተከለ። «እግዜር አወጣህ!» ተባብለን ሳቅን። ከመወርወሩ በፊት ልጁን ያዩት ነበሩ፤ እኛም ከእነርሱ መካከል ነበርን። ግን ማን ቁም ይበል? ጮኾ የማስቆም ልማድ ስላልነበረን፣ መሳቂያ መሆንንም ስለፈራን አፋችንን ይዘን ቀረን። ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረናል፤ ዝምታው ደግሞ ይብሳል።

በቅርቡ ወደየትምህርት ቤቱ እንሠማራለን። በአንድ ክፍል 60 ሕፃናት ይዘን ሜዳ የምንወጣበት ቀን ሩቅ አይደለም። ያኔ ልጆቹ የሚያደርጉት የነገርናቸውን ሳይሆን ያዩብንን ነው። መምህራቸው ሳይጠነቀቅ ሲወረውር ያዩ ልጆች ሳይጠነቀቁ ይወረውራሉ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ውስጥ ሦስት ነገር እንዲለመድ ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ አያያዙንና ሕጉን በሁላችን ፊት ተፈትኖ ያላሳየ ሠልጣኝ ጦርም ሆነ አሎሎ አይወርውር፤ ያለፉትም ስማቸው በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ የተወረወረ ጦር የሚለቀመው ሁሉም ወርውሮ ካበቃ በኋላ፣ በምልክት፣ በአንድነት ይሁን፤ የተሰነጠቀም ካለ ተለይቶ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ «ቁም!» የማለት መብት የሁሉም ይሁን። ተሳስቶ የጮኸ ሰው አይሳቅበት። መቶ ጊዜ በከንቱ መቆም አንድ ጊዜ ሳይቆሙ ከመቅረት ይሻላል።

መምህሮቻችንን በአክብሮት የምንለምነው የመጀመሪያውን ፈተና እርስዎ፣ እርስዎ ብለን ሳንለይ ሁላችሁም ከእኛ ጋር እንድትፈተኑልን ነው። ድፍረት አይሁንብን፤ በሰይፍ ጀግና የሆነው ሰው ለደጋን እንደገና ይፈተናል ስላልን ነው።

የሳቃችሁ ጓደኞቻችንም ቅር አይበላችሁ። በሚቀጥለው የስፖርት ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈተኑት ይህን የጻፉት ናቸው። መጥታችሁ እዩን፤ ስንሳሳት ካያችሁም ጮኻችሁ አስቁሙን።