ቡናው ሲወደድ አስተማሪው የት ይደር?

የዛሬውን የጀንፈልና የጤፍ ዋጋ ጠዋት ለጥፈናል፣ ከላይ ታገኙታላችሁ። አሁን የምጽፈው እኛ ለጥፈነው ስለማናውቅ ዋጋ ነው፤ ቡና አብቃይ ከተማ ውስጥ ስላለ የአንድ ነጠላ ክፍል ኪራይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ በፊዚክስ ተመርቆ መስከረም ላይ ከፋ ዞን ውስጥ ባለች አንዲት የቡና ከተማ ተመደበ። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣ ይዞ ሄደ። ነጠላ ክፍል በ2,500 ብር አገኘ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አከራዩ መጥተው «ወይ 4,000 ክፈል፣ ወይ ልቀቅ፤ የቡና ሰዎች እየመጡ ነው» አሉት። ደወለልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ምን ልበለው? «የቡና ሰዎች» የተባልነው እኮ እኛ ነን። በዚያው ሰሞን፣ በዚያችው ከተማ፣ ለሰብሳቢዎቼ ሦስት ክፍል የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍዬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ዋጋም አልተከራከርኩም። እሸት ሲገባ ቤት ለመፈለግ ማን ጊዜ አለው? ወጪውን በፈረሱላው ላይ እናካፍለዋለን፣ አለቀ። አስተማሪው ግን በምን ላይ ያካፍለዋል?

እስቲ እንደለመድነው በቁጥር እንየው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ ለሚቀጠር የመንግስት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጥሩ ጭማሪ ነው፣ አንካድም። ከዚያ ላይ በአዲሱ ስሌት የሥራ ግብር 2,100 ብር፣ ጡረታ 7 በመቶ ማለትም 805 ብር ይነሳል። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። ኪራይ 4,000። በወር 15 ኪሎ ጤፍ፣ ኪሎውን በ130 ብር ብንይዘው 1,950። የቀረው 2,645 ብር፣ በቀን 88 ብር ማለት ነው። ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ የስልክ ካርዱ፣ ለእናቱ የሚልከው ሁሉ ከዚያ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ይህን እኛ ነጋዴዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። አዲስ አስተማሪ ሥራ የሚጀምረው መስከረም ነው። መስከረምና ጥቅምት አዲሱ ጤፍ ገና ያልታጨደበት፣ ያለፈው ዓመት እህል ጎተራ ውስጥ ያለቀበት ጊዜ ነው። የእሸት ቡና ግዢም የሚጀምረው እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ልጁ ጤፉንም ቤቱንም የሚገዛው በዓመቱ ጣሪያ ዋጋ ነው። ከመካከላችን ማን ነው እያወቀ ጣሪያ ላይ የሚገዛ? እሱ ምርጫ የለውም።

የቤት ኪራይ ሌላም ጠባይ አለው። ኒውዮርክ ሲወርድ የፈረሱላው ዋጋ በማግስቱ ይወርዳል። በ2017 አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሲንሸራተት ደግሞ ስንቱ በውድ የገዛውን ይዞ እንደቀረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ኪራይ ግን በቡና ሲወጣ እንጂ ከቡና ጋር ሲወርድ እኔ አላየሁም። የቡናው ሰው በታኅሣሥና በጥር ይሄዳል፣ የከፈለው ዋጋ እዚያው ይቀራል።

«ይሄ የመንግስት ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። እኔ በምዞርባቸው ትንንሽ የቡና ከተሞች ግን ሲሠራበት አላየሁም። መንግስትን ስንጠብቅ ደግሞ የሚጎዳው የማን ልጅ ነው? የላኪው ልጅ አዲስ አበባ ነው የሚማረው። ያለ ፊዚክስ አስተማሪ የሚቀረው የገበሬው ልጅ ነው። ነገ የማህበሩን ሂሳብ የሚይዘው፣ ሚዛን የሚያነበው፣ ለአውሮፓ የደን ሕግ የእርሻውን መገኛ ነጥብ የሚመዘግበው ያ ልጅ ነው። በጥራትም በሰነድም ተሸነፍን እያልን የምናማርረው እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸው።

1. ለዩኒየኖች፦ በፌርትሬድ ለሚሸጥ ቡና በፓውንድ 20 ሳንቲም ፕሪሚየም አለ። ከዚያ ቢያንስ 5 ሳንቲሙ ለምርታማነትና ለጥራት ነው። የቀረውን 15 ሳንቲም እንያዝ። አንድ ኮንቴነር 320 ጆንያ፣ 19.2 ቶን ነው፤ 6,350 ዶላር ገደማ ይሆናል። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 950,000 ብር አካባቢ ነው። እስከ ዛሬ በፕሪሚየም የመማሪያ ክፍል ሠርታችኋል፣ እግዜር ይስጣችሁ። አሁን ግን ክፍሉ ኖሮ አስተማሪው ከሌለ ምን ዋጋ አለው? የሚቀጥለው በጀት ለአስተማሪ መኖሪያ ይሁን። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በጭቃና በቆርቆሮም ቢሆን የተሠራ አራት ክፍል ቤት አራት አስተማሪ ያቆያል። ውሳኔው የጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ አጀንዳ አስይዙት።

2. ለላኪና ለአቅራቢ፦ ሳይት ያለን ሰዎች ግቢያችን ውስጥ ለሰብሳቢ ማደሪያ እንሥራ። ለሦስት ወር ብለን የከተማውን ክፍል አንሻማ። መሥራት የማይችል፣ ቢያንስ አስተማሪ ያለበትን ቤት «አስወጡልኝና እጥፍ ልክፈል» አይበል።

3. ለማህበራት፦ ጥር ላይ ጤፍና በቆሎ ስትገዙ ለአስተማሪዎቹም አብራችሁ ግዙ፣ በየወሩ ከደመወዛቸው ይክፈሉ። ለእናንተ ጥቂት ኩንታል ነው፣ ለእነሱ ግን የዓመት እፎይታ ነው።

4. ለአዲስ አስተማሪ፦ ብቻህን አትከራይ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ያዙ። ውሉን ከመስከረም እስከ ሰኔ በጽሑፍ አድርጉት። የዓመት ጤፍህን በጥቅምት አትግዛ፤ እስከ ጥር በኪሎ እየገዛህ ቆይ።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደውሎ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ ሳይትህ ላይ መዛኝ ትፈልጋለህ አሉ፤ እኔን ለምን አትቀጥረኝም?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እፈልጋለሁ። ቁጥር ያውቃል፣ ታማኝ ነው፣ እኔም ከደመወዙ የተሻለ ልከፍለው እችላለሁ። ብቀጥረው ግን ያቺ ከተማ የፊዚክስ አስተማሪዋን የወሰድኩባት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ ሰውየውን።

እስካሁን እሺም እምቢም አላልኩትም። ለጊዜው ከያዝኳቸው ሦስት ክፍሎች አንዱን ለቅቄለት በቀድሞው ዋጋ፣ በ2,500 ብር እየኖረ ነው። ልዩነቱን የምሸፍነው እኔ ነኝ። ውሌ የሚያልቀው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ብቻ ሳይሆን የእናንተም ጥያቄ ነው።

አካባቢያችሁ ላይ የአስተማሪ መኖሪያ የሠራ ማህበር ወይም ዩኒየን ካለ፣ ስንት እንደፈጀና ማን እንደሚያስተዳድረው ከታች ጻፉልን፣ ሌላውም ይማርበት። ነገ ጠዋት በሰሊጥ ዋጋ እንገናኛለን። መልካም ገበያ።