ከንድፈ ዜማ እስከ አልበም

አልበም በታተመ ጊዜ የመጀመሪያው ቅጂ፣ ዴሞ ወይም ንድፍ የሚሉት፣ እንደ ትርፍ ነገር ይጣል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ይህን ፍርድ ከቶ አልቀበለውም።

ለምሳሌ፣ በ1980ዎቹ ማብቂያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ ስቱዲዮ ወለል እየጠረገና የድምፅ ባለሙያውን እየረዳ ይኖር የነበረው ትሬንት ሬዝነር፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ በስቱዲዮው ባለቤት በጎ ፈቃድ፣ መሣሪያዎቹን ለብቻው ይዞ፣ አብዛኛውን ድምፅ በገዛ እጁ እየደራረበ የቀረጻቸው ንድፎች ናቸው ናይን ኢንች ኔይልስ የተባለውን የኢንዱስትሪያል ሮክ ባንድ የወለዱት። ከእነዚህም አንዱ «ትዊስት» ይባል ነበር፤ በ1989 «ፕሪቲ ሄት ማሽን» የተሰኘው አልበም ሲወጣ ግን ያው ዘፈን ስሙንም መልኩንም ለውጦ «ሪንግፊንገር» ሆነ። ፍላድንና ኤድሪያን ሸርውድን የመሳሰሉ የድምፅ ሊቃውንትም በአልበሙ ሥራ ተካፍለዋል።

የኔ አድናቆት እዚህ ላይ ነው። ብራና ፋቂ ቆዳውን እስኪለሰልስ ድረስ ሲፍቅ፣ የኢንዱስትሪያል ሮክ ጠቢብ ግን በንድፉ ለስላሳ የነበረውን ዜማ በማሽን ከበሮ፣ በተቆራረጠ የናሙና ድምፅና በሻከረ ጊታር እየወገረ ያጠነክረዋል፤ ኅዘኑም ከዜማው ወጥቶ በድምፁ ባሕርይ ውስጥ ያድራል። ታዲያ ይህ ተአምር የሚታወቀው ፊተኛው ቅጂ ሲኖር ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘፋኞችን ሁሉ እለምናለሁ፦ የመጀመሪያውን ቅጂ አታጥፉት። አንባቢም ሁለቱን በአንድ ምሽት፣ አስቀድሞ ንድፉን፣ ቀጥሎም አልበሙን ያድምጥ።