«ጭፈራ ጭንቅላት አይፈልግም» ያለው ማነው?

ዛሬም «ጭፈራ የሰነፍ ተማሪ ነው» የሚል መምህር አለ። እስቲ የአሜሪካኖቹን ስኩዌር ዳንስ ይይልኝ!

አራት ጥንድ፣ 8 ሰው፣ በአራት ማዕዘን ይቆማል። ኮለር የሚባለው ሰው ትእዛዙን እዚያው ይጠራል፤ ጨፋሪው ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቅም። ይሄ ገና ጀማሪው ነው።

ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ሰልፉ ራሱ ይዛባል። አራት ሰዎች አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ወጣ ብለው ቆመው «ቀጥ ያለ መስመር ናችሁ ብላችሁ ሥሩ» ይባላሉ። ጠማማውን በሐሳባቸው አቅንተው ይንቀሳቀሳሉ፤ ሲጨርሱ ግን እነዚያኑ አራት ጠማማ ቦታዎች መያዝ አለባቸው። አንዱ ከተሳሳተ የስምንቱም ይፈርሳል።

ክፍል ውስጥስ? ሦስት ማዕዘኑ ሲገለበጥ ጎበዝ የተባለው ተማሪ ግራ ይገባዋል። ለምን? መሠረቱ ሁሌ ከታች ሆኖ ስለተሳለለት! ሥዕሉን ሸመደደ እንጂ የጎንና የማዕዘኑን ዝምድና አላየም።

ስለዚህ ጨፋሪን ከመናቃችሁ በፊት ጠመኔውን አስቀምጡና 8 ተማሪ አስነሱ። ጠማማ አድርጋችሁ አቁሟቸው። ጂኦሜትሪ የገባው ማን እንደሆነ ያኔ እናያለን።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?